የብርዱ ባለሟል

ጋሽ ጌጡ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ሰይድ ነው። ከሰላምታው በኋላ «ሲስተር፣ የብርዱ ባለሟል ሄዱ» አለኝ። ሰይድ ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ የታወቀ አናጢና የልጆች አባት ነው። ለእኔ ግን እስከ አሁን ድረስ በጋሽ ጌጡ ጭን ላይ የተኛው ያ አጥንቱ የሚቆጠር ሕፃን ነው።

በማግስቱ ከደሴ ሚኒባስ ተሳፍሬ ለለቅሶ ወጣሁ። መኪናው እስከ አፍ ገደፉ ሞልቷል፣ ፀሐዩም ጣሪያውን ይጠብሰዋል። አቀስታ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሙቀቱ ባሰበትና መስኮቱን ገርበብ አደረገ። ከፊትም ከኋላም ተንጫጩበት። አንዲት እናት ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ልጄ ምን በደልንህ፣ ንፋስ ልታስመታን ነው ወይ ብለው ወቀሱት። ሳቄ መጣ። ሳቄን ሳልጨርስ ደግሞ ዕንባዬ ቀደመኝ። ልጁ በእሱ ምክንያት ያለቀስኩ መስሎት ደንግጦ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፤ እስከ መካነ ሰላምም ቀና ብሎ አላየኝም።

ንፋስ የሚፈራ ሰው ለእኔ ብርቅ አይደለም። የአቀስታ ልጅ ነኝ። እናቴ ልጅ አዝላ ከቤት ስትወጣ የልጁ አፍንጫ እንኳ እንዲታይ አትፈቅድም ነበር። ጋሽ ጌጡን የሚያህል ንፋስ ፈሪ ግን አላጋጠመኝም። ጉዱ ደግሞ የእንጀራቸው ነገር ነው፤ ጋሽ ጌጡ የሚተዳደሩት ቀዝቃዛ ንፋስ የሚያወጣ ማሽን በመጠገን ነበር።

ወሎ በረሃብ ባለቀችበት ጊዜ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ ጤና ረዳት ሆኜ መካነ ሰላም ክሊኒክ ተመድቤ ነበር። በዚያው ሰሞን ፈረንጆች በመኪና የሚጎተት ነጭ የቆርቆሮ ክሊኒክ ለእርዳታ ላኩ። ለበረሃ አገር የተሠራ ኖሯል መሰለኝ፣ ጣሪያው ላይ የልብስ ሳጥን የሚያህል ማቀዝቀዣ ተጭኖበታል። ፈረንጁ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ማሽኑን ሲከፍተው ከውስጥ በኩል ከጣሪያው ብርድ ይነፍስ ጀመር። ለማየት የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ወደቀ። ክረምት ከበጋ ጥርስ በሚያንገጫግጭበት አገር ብርድ በማሽን መጣ፤ ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኼ ነው ተባለ። አንዲት ጠላ ሻጭማ፣ እነዚህ ፈረንጆች ብርዱን ትተው ሙቀቱን ቢልኩልን ምን ነበረበት ብላ ሰዉን ዳግመኛ አሳቀችው።

ማሽኑ ተንከባካቢ ያስፈልገው ነበርና ዕጣው ለክሊኒኩ ጄኔሬተር ጠባቂ ለጋሽ ጌጡ ወጣ። ጋሽ ጌጡ የወግዲ ቄስ ልጅ ናቸው። ዳዊት ደግመው፣ ዜማ ተምረው፣ ለድቁና ሲጠበቁ ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥለው ደሴ ገቡና ጋራዥ ለጋራዥ ኖሩ። ሲመለሱ እጃቸው የመካኒክ፣ አፋቸው የደብተራ ሆኖ ተመለሱ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። ፈረንጁ ጥቂት ቀን ቆይቶ በእጅ በእግሩ ሥራውን አሳያቸውና ሄደ። ስሙን ያወጣላቸው ከተማው ነው። «የብርዱ ባለሟል መጡ» ሲባሉ አይቆጡም፣ እጅ ነስተው ያልፋሉ።

ለጥገና ሲወጡ ለዘመቻ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ጋቢያቸውን ከነራሳቸው ይከናነባሉ፣ ጆሯቸውን በጥጥ ይወትፋሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ያኝካሉ። ሽታው ከመሰላሉ ሥር ይጀምራል። ማሽኑን አጥፍተው ጣሪያው ላይ ይወጡና ክዳኑን ይፈታሉ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥራሉ። ከዚያ ስስ የብረት ቅጠሎቹ መካከል የገባውን አቧራ በብሩሽ ያራግፋሉ፤ የተጣመመውን ቅጠል ደግሞ በሚዶ ያቃናሉ። ሚዶው የሚስታቸው የእትዬ አስካለ ነበር። አንድ ቀን ከቤት ጠፍቶ ተፈልጎ ተፈልጎ ጣሪያ ላይ ተገኘና ለሳምንት ኩርፊያ ሆነ። ጋሽ ጌጡ ሌላ ሚዶ ገዝተው አስታረቁ እንጂ ያንን አልመለሱም። ዕቃው ፀጉሩ ካልተበጠረ አይተነፍስም ይሉ ነበር።

ማጣሪያውን አጥበው ጥላ ላይ ያደርቁታል። የውሃ መውረጃውን ቀዳዳ በስንደዶ ይጎረጉሩታል። ማሽኑ እንደጠፋ ወዲያው ከተነሳ ሞተሩ ይቃጠላል ብሎ ፈረንጁ አስጠንቅቋቸው ስለነበር የሚጠብቁትን ጊዜ የሚለኩት በጸሎት ነው። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው ሳይጨርሱ አያስነሱትም። ንባቡ ረዘም ያለ ከሆነ ማሽኑም ረዘም አድርጎ ያርፋል። ከተነሳ በኋላ ግን እሳቸውን እዚያ አታገኟቸውም። ከውስጥ ሆነው ብርዱ በደንብ መውረዱን እንዲያዩ ስጠይቃቸው «ሲስተር፣ እኔ ዕቃውን ከላይ ነው የማውቀው፤ ከታች ካለው ጋር ትውውቅ የለንም» ይሉኛል። ብርዱን የምለካላቸው እኔ ነበርኩ፤ በበሩ በኩል ወጥቼ ራሴን ስነቀንቅላቸው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

የሳቁ ዘመን ግን አጭር ነበር። ከመካነ ሰላም በታች ባለው ቆላ የረሃብተኛ መጠለያ ተከፈተና ክሊኒኩን ወደዚያ እንድናወርድ ታዘዝን። መንገዱን ጨርሰን ቆላው ስንደርስ ያ የተሳቀበት ማሽን ሕይወት ሆኖ ተገኘ። ፀሐይ የቆርቆሮውን ግድግዳ ስትመታው ያለ ማቀዝቀዣ ውስጡ ምድጃ ነበር። በጣም የደከሙትን ሕፃናት እዚያ አስተኝተን ግሉኮስ እንሰቅልላቸዋለን፣ ወተት በጠብታ እንሰጣቸዋለን። ማሽኑ ሲሠራ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ሲቆም ትንፋሻቸው ይፈጥናል፣ ከንፈራቸው ይደርቃል። ይህን በዓይናችን ያየን ሰዎች የጋሽ ጌጡን መሰላል እንደ ታቦት ማየት ጀመርን ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ንፋስ አይንካው የሚለውን የወሎ እናት ሁሉ ከእናቷ ሰምታለች። ንፋስ ከነካው ኩፍኙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ይገድላል። እኛ ደግሞ ያንን ልጅ ወስደን ከጣሪያ ብርድ በሚነፍስበት ቤት እናስተኛለን። እናቶቹ ፊት ለፊት አልተከራከሩንም፤ ነጭ ልብስ ለባሽ ማንን ይሰማል? ዞር ስንልላቸው ግን ከነጠላቸው እየቀደዱ የማሽኑን አፍ ይወትፉታል። ጋሽ ጌጡ ጧት ጧት ጨርቁን እንድንነቅል ያደርጉና የማን ነው ሳይሉ አጣጥፈው በሩ ላይ ያስቀምጡታል። ለምን አይቆጧቸውም ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እኔም ብሆን እወትፈው ነበር አሉኝ።

አንድ የግንቦት ቀን፣ ከሁሉም የከፋ ሙቀት በነበረበት ቀን፣ ማሽኑ ቆመ። እናቶቹ የሚነፍስበትን ብቻ ሳይሆን አየር የሚስብበትንም ደፍነውት ኖሯል። ብርዱ መውጫ ሲያጣ ማሽኑ ውስጡ በረዶ ጋገረ። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው በተኙት ልጆች ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አንዷ ጣሪያው አለቀሰ አለች። ጣሪያ ካለቀሰ ለሞት ነው ተባለና እናቶች በሙሉ ልጆቻቸውን ከነግሉኮስ መርፌው እየነቀሉ ወጡ። በየዛፉ ሥር፣ በየሸራው ሥር ተበታተኑ። እስከ ቀትር ሁለት ሕፃናት በየሸራው ሥር ሞቱብን።

የመጠለያው ሐኪም ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እንቅልፍ ካየ የሰነበተ ወጣት ነበር። ልጆቹ በግድ ተመልሰው ይግቡ፣ እናቶቹ ውጭ ይሁኑ፣ በሩም ይቆለፍ አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ልጆቹን ለማትረፍ ሌላ መንገድ አልታየውም። እኔም አልታየኝም። ጋሽ ጌጡ በረዶውን አቅልጠው፣ አድርቀው፣ ጸሎታቸውንም ደግመው ማሽኑን ካስነሱ በኋላ ሐኪሙን፣ ጌታዬ ትንሽ ታገሠኝ ብለው ለመኑት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዘሀራ ሄዱ።

ዘሀራ ከእናቶቹ ሁሉ የምትደመጥ ሴት ነበረች። እሷ ከገባች ሌሎቹ ይገባሉ፣ እሷ እንቢ ካለች ማንም አይገባም። ከአንዲት ግራር ሥር ተቀምጣ ልጇን ሰይድን በሻሿ ጠቅልላ ይዛለች። ሰይድ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ኩፍኙ ፊቱን አልብሶታል፣ ማልቀስ ካቆመ ውሎ አድሯል። ሐኪሙ የፈራው ከሁሉም ይልቅ ለእሱ ነበር።

ጋሽ ጌጡ ከነጋቢያቸው ፊቷ ቁጢጥ አሉ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዘሀራ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ጋሼ። ልጁን ስጪ ሊሉኝ ከሆነ የመጡት ወላሂ አልሰጥም። ሁለቱን ንፋስ ወስዶብኛል። ይኼ አንድ የቀረኝ ነው።»

ጋሽ ጌጡ መሬት መሬቱን አዩ።

«የእኔንም ወስዶብኛል» አሉ። «የመጀመሪያ ልጄን። ለእናቴ ላሳይ ብዬ ከደሴ በጭነት መኪና ላይ ይዤው መጣሁ፣ ክፍት መኪና። ወግዲ ሳልደርስ ትኩሳት ያዘው። በሦስተኛው ቀን ቀበርኩት።»

ለካ ጥጡም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ ያ ሁሉ የሳቅንበት ነገር ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ስንት ጊዜ በሰው ፊት አስቄባቸው ነበር።

ዘሀራ ቀና ብላ አየቻቸው። «ታዲያ እያወቁት እንዴት አስገቢ ይሉኛል?»

«ሐኪሙ ያለውን ነው የምልሽ። ሙቀቱ ይገድለዋል ይላል። እሱ የተማረው ይህንን ነው፤ እኔ የማውቀው ያንን ነው። ማን ልክ እንደሆነ እንጃ። እንዲህ እናድርግ። እኔ መጀመሪያ ገብቼ ከአፉ ሥር እቀመጣለሁ። ልጁን ጭኔ ላይ ታስቀምጪልኛለሽ። አንቺም አጠገቤ ትሆኛለሽ። ንፋሱ ከመጣ መጀመሪያ እኔን ይምታ።»

ተነሡ። ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ከጆሯቸው ጥጡን አወጡ። ቆባቸውን አወለቁ፤ ራሰ በራ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ደረጃውን ወጥተው ገቡ። ልክ ከማሽኑ አፍ ሥር፣ በባዶ ራሳቸው፣ በሸሚዝ ብቻ ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ዘሀራ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። እናቶቹ ሁሉ ከየዛፉ ሥር ተነሥተው ይመለከቷታል። በመጨረሻ ቢስሚላሂ አለችና ገብታ ልጇን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። እኔ ግሉኮሱን ሰቀልኩ። ጋሽ ጌጡ ትከሻቸውን አጉብጠው ከንፋሱና ከልጁ መካከል ጣሪያ ሆኑለት። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በአንድ በኩል ዘሀራ ዱዓ ታደርጋለች፣ በሌላ በኩል እሳቸው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። እንዲህ ሆነው እስከ ምሽት ተቀመጡ። ሌሎቹ እናቶች አንድ አንድ እያሉ መግባት የጀመሩት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ሰይድም ፀሐይ ሳትጠልቅ ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስላችኋል። የፈሩት ይደርሳል ነውና በማግስቱ ጋሽ ጌጡ ታመሙ። አፍንጫቸው ተደፈነ፣ ሰውነታቸው እንደ ጋለ ብረት ሆነ። ያን ሁሉ የሚያስል ሕፃን ታቅፈው ውለው ጉንፋን ቢይዛቸው ምን ይገርማል? ይህን ግን ለእናቶቹ ማን ያስረዳቸዋል? ንፋሱ መታቸው ከተባለ ክሊኒኩ ባዶ ይቀራል። ሰይድ ደግሞ ገና ሁለት ጉንጭ ወተት መዋጥ መጀመሩ ነው።

ጋሽ ጌጡ ይህንን ከእኔ ቀድመው አስበውታል። ጧት ስመጣ ጣሪያው ላይ ወጥተዋል። ከታች ሆና ለሚያያት እናት ሁሉ እንዲታዩ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ብሩሹን ይዘው ንጹሑን ማሽን መልሰው ያጸዳሉ። ይባስ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያዜማሉ። ሳል ሲመጣባቸው ዜማውን እየጎተቱ ሳሉን ውስጡ ይደብቁታል። እኔ ማጣሪያ የማቀብል መስዬ በመሰላሉ ወጥቼ አስፕሪን እሰጣቸዋለሁ። ይውረዱ፣ ይተኙ ብላቸው አልሰሙኝም። ሐኪሙ እንኳ ሳይቀር ቀና ብሎ እያየ ዕንባውን ሲጠርግ አይቼዋለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረጉ። በአራተኛው ቀን ሰይድ ከአልጋው ተነሥቶ ተቀመጠ፣ ጋሽ ጌጡም ደህና ሆንኩ ብለው ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን የወተፈ የለም። እሳቸው ግን ቅንጣት አልተለወጡም። ጥጡ ተመለሰ፣ ነጭ ሽንኩርቱም ተመለሰ። አንድ ቀን፣ ታዲያ ጋሼ ንፋስ አይመታም ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቅር ብሏቸው አዩኝ።

«ይመታል እንጂ። ያን ቀን አልፎን ሄደ።»

መስከረም ላይ ንጉሡ ከዙፋን መውረዳቸው በሬዲዮ ሲነገርም ጣሪያ ላይ ነበሩ። ከታች ሆኜ ነገርኳቸው። ሚዶውን እንደያዙ ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲህ ናፍጣውን ማን ይልክልናል ማለት ነው አሉ። ሰው ሳቀባቸው፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። ስብሰባው በዛ፣ ሰልፉ በዛ፣ ናፍጣው ግን እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። መጠለያው ሲዘጋ ተጎታቹ ወደ መካነ ሰላም ተመልሶ ከክሊኒኩ ጓሮ ቆመ። ጋሽ ጌጡ ግን የማይነሳውን ማሽን ለዓመታት መበጠራቸውን አልተዉም። ሰው ሲጠይቃቸው ማን ያውቃል ይሉ ነበር። በኋላ አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ሳጥኑን አውርደው ወሰዱት፤ የት እንደገባ አልተሰማም። እኔም ወደ ደሴ ተዛወርኩ። በመካነ ሰላም ባለፍኩ ቁጥር ግን ቤታቸው ሳልገባ አልመለስም ነበር። ሰይድንም እዚያው ነው ሲያድግ ያየሁት፤ ዘሀራ ትምህርት ቤት ስታስገባው ከእነሱ ዘንድ አስቀምጣው ነበር።

መካነ ሰላም ስደርስ ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ቀሳውስቱ በአንድ ወገን፣ ሼኮቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለን አቅፌ አልቅሼ ሲበቃኝ ሰይድ ወደ ውስጥ ወሰደኝና ጋሽ ጌጡ ታመው የተኙበትን ክፍል አሳየኝ።

መጨረሻ ላይ ሳንባቸው ደክሞ ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ክፍሏ አንድ መስኮት አላት። መስኮቷን የሠራው ራሱ ሰይድ ነው፤ ንፋስ የማታስገባ አድርገህ ሥራልኝ ብለውት ጥፍር እንኳ የማታስገባ አድርጎ ገጥሟታል። ዳር ዳሩን ደግሞ እሳቸው በጨርቅ ጠቀጠቁት። ከተሠራች ጀምሮ ተከፍታ አታውቅም። ከማረፋቸው በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ አሉ። እትዬ አስካለ ትኩሳቱ ነው የሚያስቃዣቸው ብለው አለቀሱ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በዚህ ድካማቸው ንፋስ ከነካቸው አያድሩም አለ። ማንም እጁን አላነሳም።

«መሮ አምጥቼ ከፈትኩት» አለኝ ሰይድ። «ኮፍያዬን አወለቅሁና በመስኮቱና በአልጋው መካከል ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እኔን ይምታ አልኳቸው። እናቴ ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«ፈራህ ወይ አሉኝ። ፈራሁ ጋሼ አልኳቸው። እጄን ያዙና፣ እኔም ፈርቼ ነበር አሉኝ።»

መስኮቱ አሁንም እንደተከፈተ ነው። ማንም ሊዘጋው አልደፈረም። ከደጋው የሚመጣው የማታ ንፋስ መጋረጃውን ያነሳዋል። እኔ የአቀስታ ልጅ ነጠላዬን ወደ ጆሮዬ ሳብ አደረግሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።